የቀረውን መቁጠር፦ ተሰርቃ የተገኘች ላንድክሩዘር በራስ እጅ እንዴት ተመልሳ እንደተሠራች

መኪናዬ ከተሰረቀች በ47ኛው ቀን ወንዝ ዳር ተጥላ ተገኘች። ደርሼ ሳያት አራቱም ጎማዎች ከነቸርኬያቸው የሉም፤ ፊቷ ድንጋይ ላይ ተደግፏል፣ የኋላ ታምቡሮዎቿ አሸዋ ውስጥ ሰምጠዋል። ኮፈኑ ክፍት ነው። ከበሮቹ ግርጌ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ደግሞ ዙሪያዋን የሚዞር የደረቀ የጭቃ መስመር አለ፤ ተጥላ ሳለች ወንዙ ሞልቶ ከቧት ኋላ ጎድሏል። የእኔ ዓይን ግን ያን ቀን የሄደው ወደ ባዶው ቦታ ነበር። ወንበሮቹ፣ ባትሪው፣ ዲናሞው፣ የፊት መብራቶቹ፣ ሬዲዮው፣ የአየር ማጣሪያው ቤት ሳይቀር ተነቅለው ሄደዋል። ስለ ጭቃው መስመር ከልቤ ያሰብኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ጥገናው በጠቅላላው አሥራ አንድ ወር ፈጀ፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ሦስቱን የበላው ያ መዘግየት ነው።

መኪናዋ የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ናት፤ ሞዴሏ ኤችዜድጄ75፣ እ.ኤ.አ. የ1994 ሥሪት። ሞተሯ 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ ናፍጣ ነው። የናፍጣ ፖምፓው ሜካኒካል ነው፤ ኮምፒውተር የለውም። ከፊትም ከኋላም ባሌስትራና ድፍን አክስል አላት። ይህን ሞተር ለማስነሳት ሁለት ነገር ብቻ ይበቃል፦ ፖምፓው ላይ ያለችው ነዳጅ ከፋች ሶሌኖይድ 12 ቮልት ካገኘችና ማስነሻው ሞተሪኖ ከዞረ ሞተሩ ይነሳል። ሌቦቹ በካቻቢቴና በአንድ ክንድ ሽቦ ይዘዋት የሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። እኔም ቤቴ ግቢ ውስጥ ፈትቼ መግጠም የቻልኩት በዚሁ ቀላልነቷ ነው።

ከፖሊስ ግቢ እስኪወጣ

መፍቻ ከማንሳት በፊት የወረቀቱ ሥራ አለ፤ በዚህ ላይ መቸኮል ብዙ ሰው ላይ ችግር አምጥቷል። የስርቆት መድን ስላልነበረኝ መኪናዋ የእኔ ሆና ቀረች። መድን ኩባንያ ካሳ ከፍሎ ቢሆን ኖሮ ግን ስትገኝ ባለቤቷ ኩባንያው ነው የሚሆነው፤ ያኔ አንድ ቡሎን እንኳ ከመንካቴ በፊት ከእነሱ ጋር መዋዋል ነበረብኝ።

ሌቦቹ የቻንሲ ቁጥሩን በመፍጫ ማጥፋት ጀምረው ነበር። በዚህ ሞዴል ቁጥሩ የተመታው በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው አጠገብ ባለው የቻንሲ ብረት ላይ ነው። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ጠፍተዋል፤ የቀሩት ይነበባሉ። ያን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ ዝገቱን ላየው እጄ ዘርግቼ ሳለ የፖሊስ ባለሙያው አስቆመኝ። ቁጥር በብረት ላይ ሲመታ ከሚታየው ጉድጓድ በታች ያለው ብረት ጭምር ይጨመቃል። ላዩ ተፍቆ ቢጠፋም የተጨመቀው ክፍል አሲድ ሲነካው ከአካባቢው ብረት በተለየ ሁኔታ ስለሚበላ አሃዙ መልሶ ይወጣል። ብሩሽ፣ ብየዳ ወይም ቀለም ቢያርፍበት ኖሮ ያ ማስረጃ ይበላሽ ነበር። አራቱም አሃዞች ወጡ፤ የባለቤትነት ደብተሩ ላይ ካለው ጋር ገጠሙ፤ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከተሰረቁ መኪኖች መዝገብ ላይ መሰረዟን በጽሑፍ ጠየቅሁ። ይህን ያልጨረሰ ሰው በገዛ መኪናው ውስጥ እንደ ሌባ ሊያዝ ይችላል።

ወደ ግቢዬ ከመጣች በኋላ ማንኛውንም ነገር ከማንሳቴ በፊት ከሁለት መቶ በላይ ፎቶ አነሳሁ። ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው ቡሎን የጎደለ፣ የትኛው ባዕድ እንደሆነ ኋላ የነገሩኝ እነዚህ ፎቶዎች ናቸው። ምንጣፉን ያነሳሁት ወፍራም ጓንት አድርጌ ነው። መርፌ ያለው ሲሪንጅና የተሰበረ ምላጭ ወጣ፤ ከእነሱ ጋር የማላውቃቸው ቁልፎችና አንድ ስልክ። ቁልፎቹንና ስልኩን ለፖሊስ አስረከብኩ።

የመጀመሪያው ዝርዝር

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጎደለውን ሁሉ ጻፍኩ፤ 31 ዕቃ ሆነ። ከዚያ ዕቃ ፍለጋ ገባሁ። ወንበር አገኘሁ፣ ቸርኬና ጎማ አገኘሁ፣ የፊት መብራት ከነፍሬቻው ገጠምኩ። በየሳምንቱ መጨረሻ ከዝርዝሩ ላይ ሁለት ሦስት መስመር እሰርዛለሁ፤ መኪናዋም መኪና መምሰል ጀመረች። ደስ ይለኝ ነበር።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ሊያዩልኝ መጡ። አዲሶቹን ወንበሮች ቀና ብለውም አላዩአቸው። መፍቻ ጠየቁኝና ከኋላ ገብተው ተጋደሙ፤ የዲፈረንሻሉን፣ አክስሉ መሃል ሆኖ ኃይልን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን የጥርስ ቤት፣ የታችኛውን መክደኛ ፈቱት። መጀመሪያ የወጣው ንጹህ ውሃ ነበር፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ተኝቶ ቆይቷል። ቀጥሎ ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል ዘይት መጣ።

«ጋሼ፣ አሁን ምን ይሻላል?» አልኳቸው።

«የሄደውንማ ሌባው ቆጥሮልሃል። አንተ የቀረውን ቁጠር» አሉኝ።

በዚያው ማታ ሁለተኛ ዝርዝር ጀመርኩ። መኪናዋ ላይ የቀረውን ነገር ሁሉ፣ ደህና የሚመስለውንም ጭምር፣ አንድ በአንድ ጻፍኩ፤ ከየስሙ ጎን ሦስት ሣጥን አሰመርኩ፦ አየሁት፣ ፈታሁት፣ ለካሁት። ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሳይሞሉ ምንም ነገር «ደህና» አይባልም። የገጠምኳቸውን ወንበሮችም መልሼ አወጣሁ።

ውሃው የት የት ገባ

የአክስል ዘይት የሚይዙት የላስቲክ ማኅተሞች የተሠሩት ከውስጥ ዘይት እንዳይወጣ ነው፤ ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ያያል። ከውጭ ሆኖ ለሳምንታት የሚገፋ ውሃን ለማቆም አልታሰቡም። በዚህ ላይ እያንዳንዱ አክስል አናቱ ላይ መተንፈሻ አለው፤ የእኔ የኋላው መተንፈሻ ቆብ በጭቃ ተደፍኖ ግማሽ ተከፍቶ ቀርቷል።

የኋላ ዲፈረንሻሉን ሙሉ ልቡን አወጣሁት። የጥርሶቹ ፊት ላይ እድፍ እንጂ ጉዳት የለም። ጥርሶቹ የሚዞሩባቸው ኩሽኔታዎች ግን አለቁ። የሚሽከረከሩት ሲሊንደሮች ቆመው በቆዩበት ቦታ ሁሉ፣ በቀለበቱ ላይ በእኩል ርቀት የተሰለፉ የዝገት መስመሮች ተፈጥረዋል። ኩሽኔታ እየሠራ ሲያልቅ ጉዳቱ ዙሪያውን ይሰራጫል፤ ቆሞ ሲዝግ እንዲህ እንደ መሰላል ይሰመራል። በጥፍር ሲነካ ይሰማል። በዚህ ሁኔታ ዘይት ቀይሮ መንዳት ለተወሰነ ጊዜ ያስኬድ ይሆናል፤ ከዚያ ግን የተፈረፈረው ብረት ጥርሶቹ መካከል ይገባና ሙሉ ዲፈረንሻል ያስከፍላል። አራቱንም ኩሽኔታ ቀየርኩ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው፦ በትልቁና በትንሹ ጥርስ መካከል ያለው ልቅነት ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በተዋስኩት ባለ መርፌ መለኪያ ስለካው መጀመሪያ 0.28 ነበር። የጎን ማስተካከያ ዳዶዎቹን አንዱን እያላላሁ ሌላውን እያጠበቅሁ 0.17 ላይ አደረስኩት፤ ከዚያ ጥርሶቹን ቀለም ቀብቼ አዙሬ፣ የሚነካኩት መሃላቸው ላይ መሆኑን አየሁ። አንድ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ሄደበት። የሚያስቆጭ አልነበረም።

ፊት ለፊቱ ድንጋይ ላይ ተደግፎ ስለነበር የፊቱ ዲፈረንሻል ዘይት ደህና ወጣ። የመሪ አንጓዎቹ ግን ሌላ ታሪክ ነበሩ። በእነዚህ መኪኖች የፊት ጎማው ሲታጠፍም ኃይል የሚያስተላልፈው መገጣጠሚያ ክብ ብረት ቤት ውስጥ፣ በግሪስ ተከቦ ነው የሚቀመጠው። ግሪሱ ግራጫ ጭቃ ሆኖ አገኘሁት። የግራው መገጣጠሚያ በኬሮሲን ታጥቦ ንጹህ ወጣ፤ የቀኙ ኳሶች የሚሄዱበት ቦይ ጉድጓድ አበጅቷል፤ ተቀየረ። አንጓው ላይና ታች የሚዞርባቸው አራት ትናንሽ ኩሽኔታዎች ሁሉም ተቀየሩ። ጎማው የሚታሰርባቸውን የሞዞዎቹን ኩሽኔታዎች ለመፍታት 54 ሚሊ ሜትር መፍቻ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይህ ስለሌለው ዳዶውን በመሮና በመዶሻ ይመታዋል፣ ሌቦቹም እንዲያ ሞክረው ጠርዙን አጎድፈውት ነበር።

ካምቢዮውንና የአራት ጎማ ማከፋፈያውን ግን አልከፈትኩም። ዘይታቸው ትንሽ ብቻ ነጥቷል። አዲስ ዘይት ሞልቼ፣ ኋላ ሞተሩ ሲነሳ ጎማዎቹን አንስቼ አሥር ደቂቃ አስዞርኩ፤ አፈሰስኩ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩ። በሦስተኛው ዘይቱ የገባውን ያህል ንጹህ ሆኖ ወጣ። የተዘጋን ነገር ሁሉ መክፈት ልክ ነው ብዬ አላምንም፤ ካምቢዮ በማያውቅ እጅ ተፈትቶ ሲገጠም አዲስ ችግር ይዞ ሊመጣ ይችላል። የሁሉንም መተንፈሻዎች በቱቦ አስረዝሜ ኮፈኑ ሥር ከፍ አድርጌ አሰርኳቸው።

18 ሚሊ ሜትር

ጎማ ከገጠምኩ በኋላ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ለካሁ። በዚህ መኪና ትክክለኛው ርቀት 2,980 ሚሊ ሜትር ነው። በግራ በኩል ያንኑ አገኘሁ። በቀኝ በኩል 2,962።

ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቻንሲው ተጣሞ ከሆነ ሥራው ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ እስከዚያ የተሠራውም ሁሉ ከንቱ ነው። በማግስቱ መኪናዋን በአራት ቋሚ ላይ ደልድዬ፣ ከቻንሲው በሁለቱም ወገን ካሉ ተመሳሳይ የፋብሪካ ቀዳዳዎች ላይ ክር ከነክብደቱ እያንጠለጠልኩ ነጥቦቹን በጠመኔ ወለል ላይ አወረድኩ። ከዚያ መኪናዋን ገፍቼ ወለሉ ላይ የቀሩትን ነጥቦች በሰያፍ ለካሁ። ሁለቱ ሰያፍ መስመሮች የተለያዩት በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በጠመኔና በክር ለሚለካ ሰው ይህ እኩል ማለት ነው። ቻንሲው ቀጥ ያለ ነው።

ታዲያ የተንቀሳቀሰው ምንድን ነው? የቀኝ ኋላ ባሌስትራ። ቅጠሎቹን አንድ ላይ የሚይዘውና አክስሉን በቦታው የሚያስቀምጠው የመሃል ቡሎን ተቆርጧል፤ አክስሉ በቀኝ በኩል ወደ ፊት ተንሸራቷል። መኪናዋ በሰንሰለት አክስሏ ታስሮ ስትጎተት የሆነ ይመስለኛል፤ የሰንሰለቱ ጭረት እዚያው ብረቱ ላይ አለ። አንድ ቡሎን ተቀየረ፤ አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያቅፉት የዩ ቅርጽ ቡሎኖችም በአዲስ ተተኩ፤ እነዚህ አንዴ ከተለጠጡ መልሶ ማጥበቅ አይበጅም። ከዚያ በሁለቱም በኩል 2,980። መኪና ተጣሞ ታየ ማለት ቻንሲው ተጣሟል ማለት እንዳልሆነ፣ ሳይለኩ ተስፋ መቁረጥም ሳይለኩ መተማመንም እኩል እንደሚያሳስቱ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ሰንሰለቱ ሌላም ነገር አድርጓል። አክስሉ ላይ የሚሄደውን የፍሬን ቱቦ ጨፍልቆታል፤ ሳይቀደድ፣ ሳያፈስ። ፔዳሉ ሲረገጥ ደህና ይመስላል፤ ግን ወደ ቀኝ ኋላ ፍሬን የሚደርስ ነገር የለም። ከኋላ ያለው የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ ደግሞ ከአራት ቡሎኖቹ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ተፈትተው፣ ሁለቱ በእጅ የሚዞሩ ሆነው አገኘኋቸው። ሊወስዱት ጀምረው ትተውታል። በዚያ ሁኔታ መንገድ ላይ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ዘንጉ ወርዶ መሬት ይወጋ ነበር።

ሞተሩ

የአየር ማጣሪያው ቤት ሲነቀል የአየር መግቢያው አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ጭቃው መስመር ከዚያ በታች ቢሆንም ለሳምንታት ኮፈኗ ክፍት ሆኖ ዝናብ ወርዶባታል። ስለዚህ ሞተሩን በሞተሪኖ ለማስነሳት አልሞከርኩም። ይህ ሞተር አየርን ከ22 እጥፍ በላይ የሚጨምቅ ነው፤ በፒስተኑና ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው ቴስታታ መካከል የሚቀረው ቦታ በጣም ጠባብ ነው። ውሃ ደግሞ አይጨመቅም። ከዚያ ቦታ የሚበልጥ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ካለ ሞተሪኖው በሚዞርበት ቅጽበት ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ፣ ከክራንኩ፣ ጋር የሚያያይዘው ቢየላ ይጎብጣል።

ስድስቱንም ማሞቂያ ካንዴላዎች አወጣሁና ክራንኩን ፊት ለፊት ካለው ቡሎን ላይ በረጅም መፍቻ በእጄ አዞርኩት። ከሦስተኛውና ከስድስተኛው ቀዳዳ ዝገት የቀላቀለ ውሃ ወጣ። መጀመሪያ ለምን እነዚህ ሁለቱ ብቻ ብዬ ነበር። የመቀጣጠያው ተራ 1-4-2-6-3-5 ነው፤ ስድስትና ሦስት ተከታታይ ናቸው። ሞተሩ በቆመበት ቅጽበት የሁለቱም የአየር ቫልቮች ክፍት ሆነው ቀርተዋል፤ ዝናቡ በዚያ ገባ።

በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ካሜራ ላስገባ አሰብኩ፤ ግን በዚህ ሞተር ነዳጁ የሚቀጣጠለው ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ቅድመ ክፍል ስለሆነ ካሜራው ከዚያ አልፎ የሲሊንደሩን ግድግዳ አያይም። ስለዚህ ቴስታታው ተነሳ። በሁለቱ ሲሊንደሮች ግድግዳ ላይ ፒስተኑ ቆሞ የነበረበትን ከፍታ የሚያሳይ የዝገት ቀለበት ነበር። የሁለቱን ፒስተኖች ከላይ አወጣሁ፤ ቀለበቶቻቸው ቦያቸው ውስጥ ተጣብቀዋል። ግድግዳውን በዘይት በተነከረ በጣም ደቃቅ ማጽጃ፣ ግፊት ሳላበዛ አለሰለስኩት። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ጠራ። ስድስተኛው ላይ በዓይን የሚታይ፣ በጥፍር ግን የማይሰማ ጥላ ቀረ። ዲያሜትሩን በተለያየ ከፍታ ለካሁት፤ ልዩነት የለውም። እንዳለ ተውኩት፤ እስካሁንም በዚህ ውሳኔ አልተጸጸትኩም።

አንድ ጥያቄ ግን ነበረኝ። ሌቦቹ ውሃ ከገባ በኋላ ተመልሰው መጥተው ለማስነሳት ሞክረው ቢሆንስ? በትንሹ የጎበጠ ቢየላ በዓይን አይታይም፤ ፒስተኑ ግን አናት ላይ ሲደርስ ከሌሎቹ ዝቅ ይላል። ስድስቱንም ፒስተኖች ወደ አናት እያመጣሁ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል እንደሚወጡ በባለ መርፌ መለኪያ ለካሁ፤ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት 0.04 ሚሊ ሜትር ነበር። ቢየላዎቹ ደህና ናቸው። ይህ ልኬት በሌላ በኩልም አስፈላጊ ነው፤ የቴስታታው ጋስኬት ከአንድ በላይ ውፍረት ስላለው የሚመረጠው በዚህ ነው።

የታይሚንግ ቺንጋው ከነመወጠሪያው አዲስ ገባ፤ የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ለአየር 0.20፣ ለጭስ 0.40 ሚሊ ሜትር ላይ ተስተካከለ።

ፖምፓውን ለመውሰድም ሞክረው ነበር። ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱት ቱቦዎች ተፈትተው አፋቸውን ከፍተው ቆይተዋል። ፖምፓውንና ኢንጀክተሮቹን አውጥቼ፣ አፋቸውን ደፍኜ፣ የመፈተኛ ማሽን ላለው ባለሙያ ሰጠሁ። በራሴ እጅ ለመሥራት ከያዝኩት ሁሉ ያለ ማመንታት ለሌላ የሰጠሁት ይህን ነው። በውስጡ ያሉት ክፍሎች የሚንሸራተቱት በሺኛ ሚሊ ሜትር በሚቆጠር ክፍተት ነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትበቃዋለች። ከኢንጀክተር የሚረጨው ናፍጣም ቆዳ በስቶ ይገባል፤ በባዶ እጅ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳስዞረው የሶሌኖይዷን ሽቦ ነቅዬ ነው፤ ነዳጅ ሳይገባ፣ የዘይት ግፊት ማሳያው እስኪነሳ ድረስ በአጭር በአጭሩ። ከዚያ ሽቦውን መለስኩ፣ አየሩን ከነዳጅ መስመሩ አወጣሁ። በሁለተኛው ሙከራ ነጭ ጭስ ተፍታ፣ በአምስት ሲሊንደር እየተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ በስድስት ተነሳች። ልጄ ከቤት እየሮጠ ወጣ።

መሪውና ሽቦው

የመሪ መቆለፊያው በኃይል ተሰብሯል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አዲስ የቁልፍ ልብ ብቻ አስገብቶ ያልፋል። እኔ ሙሉ ቤቱን ሳወጣ የተሰበረው የመቆለፊያ ፒን ስባሪ ቤቱ ውስጥ፣ ከመሪው ዘንግ ቦይ አጠገብ ልቅ ሆኖ አገኘሁት። በጉዞ ላይ ወደ ቦዩ ወርዶ ቢሆን ኖሮ መሪው መታጠፊያ ላይ ይቆለፍ ነበር። ቤቱን የሚይዙት ቡሎኖች ሲጠብቁ ጭንቅላታቸው ተቆርጦ የሚቀር ዓይነት ናቸው፤ በመሰርሰሪያ ነው የሚወጡት፤ በቦታቸውም ያንኑ ዓይነት ቡሎን እንጂ ተራ ቡሎን መግባት የለበትም።

ከሁሉ ረጅሙ ሥራ ኤሌክትሪኩ ነበር። ባትሪ ከመግጠሜ በፊት ባለ 21 ዋት አምፖል በባትሪው አሉታዊ ጫፍና በመኪናዋ መካከል አሰርኩ። ይህ ቀላል ዘዴ ብዙ መኪና ከእሳት አድኗል፦ የሆነ ቦታ ሽቦ ከብረት ጋር ተነካክቶ ከሆነ አምፖሉ ይበራል፤ ሽቦው ግን አይቃጠልም፣ ምክንያቱም አምፖሉ ከሁለት አምፔር በታች ነው የሚያሳልፈው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሳለ አምፖሉ ቦግ አለ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ ሁሉም ወጥተው እንኳ አልጠፋም። ስለዚህ ጥፋቱ ከፊውዝ ሣጥኑ በፊት ነው።

ሌቦቹ ከባትሪው በቀጥታ፣ ያለ ፊውዝ፣ ወደ መሪው ሥር የሳቡት ሽቦ አሁንም እዚያ ነበር። በዳሽቦርዱ ውስጥ በሹል ብረት ላይ ተጋድሞ ልባሱ ተልጧል። እሱ ሲነሳ አምፖሉ ጠፋ። ከዚያ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ከባትሪው አጠገብ ያገኘሁት ነው። ከባትሪው የሚወጣው ዋናው መስመር ላይ፣ ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲሄድ ቀልጦ እንዲቋረጥ ሆን ተብሎ ቀጠን ተደርጎ የተሠራ ሽቦ አለ። ሌቦቹ ሲያስነሷት አቃጥለውታል መሰለኝ፣ በቦታው ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጠምዝዘው በላስቲክ ጠቅልለውበታል። ከውጭ ሲታይ የቆየ የጥገና ሥራ ነው የሚመስለው። በዚያ ብነዳ ኖሮ መኪናዋን ከእሳት የሚጠብቃት ነገር አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ማንኛውንም ሽቦ አላመንኩም። የመኪናዋን የሽቦ ንድፍ ይዤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ጭነት አድርጌ ቮልቱን በቴስተር ለካሁ። ቴስተር ያለ ጭነት 12 ቮልት ቢያሳይም አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ መብራት አያበራም፤ ስለዚህ አምፖሉ በርቶ ሳለ ነው መለካት ያለበት። ከ0.2 ቮልት በላይ የሚጠፋበት መስመር ሁሉ ተከፈተ። ውሃ የነካቸው ማያያዣዎች ውስጣቸው አረንጓዴ ሆኗል፤ አንዳንዶቹ ላይ መዳቡ ከልባሱ ሥር አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ጠቁሯል፤ እስከ ንጹሁ መዳብ ድረስ ቆርጬ በአዲስ ሽቦ አስረዘምኩ። መጋጠሚያዎቹን በመጭመቂያ ፒንሳ ጨምቄ በሙቀት በሚሸበሸብ ቱቦ ሸፈንኩ፤ አልበየድኳቸውም። ብየዳ ሽቦውን ያደርቀዋል፤ በአስቸጋሪ መንገድ ላይ የሚንቀጠቀጥ መኪና ደግሞ ሽቦውን የሚሰብረው የደረቀውና የተለሰለሰው በሚገናኙበት ቦታ ነው። በማስታወሻዬ መሠረት ኤሌክትሪኩ ብቻ 96 ሰዓት ወስዷል።

ፍሬኑ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የታወቀ ነው። ቱቦዎቹ፣ ሸራዎቹ፣ የታምቡሮ ሲሊንደሮቹ ሁሉ አዲስ ናቸው፤ የቀድሞው ፍሬን ዘይት ለሌላ ነገር ሳይሞከር ተጣለ። ዶት 3 የሚባለው ዘይት ንጹህ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውሃ ሲስብ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል፤ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወለል ሲነካ የሚታወቀው ያኔ ነው። የቀለሙና የቆርቆሮው ሥራ በሁለት ሳምንት አለቀ። ወንበሮቹም ተመልሰው ገቡ።

ከዚያ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ከቤት ብዙ አልራቅሁም። ከዚያ የዩ ቡሎኖቹን፣ የዘንጉን ቡሎኖች፣ የጎማ ዳዶዎቹን ሁሉ በቶርክ መፍቻ ደግሜ ሞከርኩ፤ የዩ ቡሎኖቹ እንደጠበቅሁት ትንሽ ላልተው ነበር። የዲፈረንሻሉን ዘይት አፍስሼ በነጭ ጨርቅ ላይ አየሁት። ንጹህ ነው፤ ማግኔቱ ላይ የተለመደው ስስ ዱቄት ብቻ።

ለሶሌኖይዷ የሚሄደው ሽቦ አሁን በተደበቀ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ያልፋል፤ የት እንዳለ የምናውቀው እኔና ባለቤቴ ነን። ባትሪውም ነቅዬ በኪሴ ይዤው የምሄደው ማቋረጫ ቁልፍ አለው። የቻንሲ ቁጥሩን በሁሉም መስታወቶች ላይ አስቀረጽኩ።

ሦስተኛ ማርሽ ላይ፣ ሽቅብ ስትወጣ፣ ካምቢዮው ቀጭን የሚያፏጭ ድምፅ አለው። ድሮ አልነበረም። ዘይቱ ንጹህ ነው፣ ድምፁም ከወር ወር አልጨመረም፤ ከጨመረ ይከፈታል። በሁለተኛው ዝርዝር ላይ ሣጥኖቹ ያልሞሉት መስመር እሱ ብቻ ነው።